ከተነቀለው ዲስክ የመጣው ድምፅ

ጂን ታየኝ፣ ሙት አናገረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በሆዴ እየሳቅኩ የምሸኝ ሴት ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አውርቼም አላውቅም። ይሄን ግን እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ፣ በገዛ ሳሎኔ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ ዝናብ እየዘነበ በጆሮዬ ሰማሁት።

እማዬ ታማ የከረመችው እኔ ቤት ነው፣ ያጠብኳትም ያጎረስኳትም እኔ ነኝ፣ ስታጫውተኝ በስልኬ እየቀዳሁ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጥ ነበር። ካረፈች በኋላ ድምጿን ልስማ ብዬ ስከፍተው «ፋይሉ ሊነበብ አልቻለም» ይለኛል፣ ከኮምፒውተሩ ውስጥም በጥፍር እንደሚቆረቆር ነገር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖረውን ታምራትን ጠራሁት፣ ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ከጎንደር የመጣ ጨዋ ሰው ነው። የዲስኩን ገመድ ቀየረ፣ በፕሮግራም አስፈተሸው፣ ፍተሻው ግማሽ ሳይደርስ ቆመ።

«ሀያት፣ ዲስኩ ራሱ ተጎድቷል፣ በግድ ባስነበብነው ቁጥር ይብስበታል፣ አውጥተን በሌላ ማሽን እንሞክር» አለኝና ኮምፒውተሩንም ስፒከሩንም ከግድግዳው ነቅሎ፣ ዲስኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ዲስኩ እዚያው እንደተቀመጠ ቀጭ አለ። ተያየን። ደግሞ ቀጭ አለ፣ ቀጥሎ የእማዬ ድምፅ መጣ፣ ያ በሳል የሚቆራረጠው ድምጿ፣ በኦሮምኛ። ሰርቦ ያለችውን ታላቅ እህቴን ነው የምታናግረው። «ሉባባ፣ የቡናው መሬት ያንቺ ነው፣ ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ» አለች፣ «ኢሼቲ ሂን ሂሚን»፣ ለሀያት እንዳትነግሪያት ማለቷ ነው፣ «ከሰማች እኔን ማስታመሙን ትተዋለች»።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ታምራት ኦሮምኛ ገና አልገባውም፣ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። «እናትሽ ናቸው? ምን አሉ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው። በዚያች ሰዓት የማስበው ሌላ ነበር፣ ያን ሁሉ ሌሊት ጀርባዋን ሳሽላት፣ ስትመርቀኝ፣ ለመሬት ብዬ የማስታምማት ይመስላት ነበር ማለት ነው? ደግሞ ይሄን ንግግር እኔ ቀድቼው አላውቅም፣ ቤቴም ውስጥ አልተባለም።

ሉባባ ጋ ደወልኩና የሰማሁትን ቃል በቃል ነገርኳት።

«ማን ነገረሽ?»

«እማዬ።»

«አስታግፊሩላህ» አለች፣ አልካደችም። «ለዒድ እኔ ጋ የመጣች ጊዜ ነው፣ ጓዳ ገብተን በሩን ዘግተን፣ ስልክ እንኳ አጠገባችን አልነበረም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሀያት፣ ቀጥላ ያለችውንስ ሰምተሻል?» አለችኝ።

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያው አትስሚው» ብላ ዘጋችው።

እስከዛሬ መልሳ አልደወለችም። ታምራት ግን ባገኘኝ ቁጥር «ሌላ ማሽን አግኝቻለሁ፣ ዲስኩን አምጪውና እንሞክረው» ይለኛል፣ እኔም ነገ እለዋለሁ።