ከደሴ የምትደውለው

በሩ ከኋላው ተዘጋ።

አድማሴ ጆንያውን እንዳቀፈ ዞረ። ከውጭ ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ሰማ።

«ትሁን! ምን መሆንህ ነው?»

አሁን በጆንያው ውስጥ ያለውን የተዘረፈ መስቀል ያስረከበው ደላላ ጥሎት ሄደ። ከግድግዳው ማዶ የፍላቂት ገበያ ይንጫጫል። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ገብስ ነው። መስኮት የለውም።

አድማሴን ላሊበላ የሚያውቀው በትንሽ የእንግዳ ማረፊያው ነው። እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው፤ ሥራውም ሌላ። በ2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተላከው ከላስታ ደብሮች የሚዘረፈውን ቅርስ ማን እንደሚያሻግር እንዲደርስበት ነበር። የምስጢር ስሙ «ቆቅ»። ትእዛዝ የሚሰጠው ሙሉሃብት ደግሞ «አጥር» ይባላል። የዛሬው ዕቅድ ቀላል ነበር። ቆቅ ገዢ መስሎ መስቀሉን ይረከባል፤ የተከራየው መኪና ጋሸና መገንጠያ ያደርሰዋል፤ አጥር እዚያ ይቀበለዋል።

ለማረፊያው ሥራ የያዘው ሞባይል ኪሱ ውስጥ ጠራ። ውባንቺ ናት።

«ጋሽ አድማሴ፣ ይቅርታ፣ ገበያ ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ። ሳልጠይቅዎት ማድረግ ያልፈለግሁት ነገር መጥቶ ነው።»

ውባንቺ ረዳቱ ናት። ደሴ፣ ቤቷ ተቀምጣ፣ በስልክና በኢንተርኔት ክፍል ትይዛለች፣ መኪና ታዛለች፣ ለእንግዶች መልስ ትጽፋለች። ፊቷን አይቶ አያውቅም። የቀጠራትም ለዚሁ ሲል ነበር። መውጣት መግባቱን የሚያይ ጸሐፊ ግቢው ውስጥ አልፈለገም፤ ለእንግዶቹ መልስ የማይሰጥ ባለማረፊያን ደግሞ ማንም አያምነውም።

መጀመሪያ ላይ አልተግባቡም። እሱ ለማንም ምንም አለመናገርን የሠለጠነ ሰው ነው። «ያን የጀርመኖቹን ነገር ጨርሺው» ይልና ስልኩን ይዘጋል። እሷም ሰርዢው ያላት መስሏት አንድ ሙሉ ቡድን መለሰችበት። ሲጮኽባት አላለቀሰችም።

«ጋሼ፣ እኔ አጠገብዎ የለሁም። ፊትዎን አይቼ አልገምትም። የሚፈልጉትን፣ ለመቼ እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነም ይንገሩኝ። ለምኑን ካወቅሁ፣ ነገሩ ሲበላሽ ራሴ አቃናዋለሁ። ሌላው ደግሞ፣ ማን ሊያዘኝ እንደሚችል ይወስኑልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ሥራ አብረው ያዩታል። ከሌላ ሰው የሚመጣ ለውጥ በጽሑፍ ይሁን ተባባሉ፤ እሱ ሳይስማማ እሷ አትነካውም።

«ምንድን ነው የመጣው?» አላት።

«አቶ ሙሉሃብት፣ የአዲስ አበባው ወኪልዎ፣ መልእክት ላኩ። እኛ ጋ ያረፈውን ፈረንጅ የነገ በረራ ጭነት በእርስዎ ስም አዙሪው ይላሉ። የእርስዎን መኪና ደግሞ ራሳቸው ደውለው ሰርዘውታል። ጭነቱን አልነካሁትም።»

አድማሴ የገብስ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

ተሸጧል።

ከጋሸና የአጥር ሰዎች እየመጡ ነው። መስቀሉን ይወስዳሉ። በፈረንጁ ጭነት ውስጥ፣ በአድማሴ ስም ይወጣል፤ አድማሴ ግን ከዚያ በኋላ አይገኝም። ዘርፎ ጠፋ ይባላል።

የመሥሪያ ቤቱ ስልክ በአጥር ጆሮ ሥር ነው። በዚህኛውም ወደ በላይ አለቆቹ ቢደውል ወዲያው ይታወቃል። ለውባንቺ መደወል ግን የዘወትር ሥራው ነው።

የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ከተቀጠረች ጀምሮ ሲዋሻት ኖሯል።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ነገራት። ያለ ምንም ማስዋብ፣ ከነምክንያቱ።

«ስምዎ አድማሴ አይደለማ?»

«አይደለም።»

«እሺ። ምን ላድርግ?»

«እንግዶች የምትልኪላቸው መርጌታ ወልደ ሩፋኤል ጋ ደውዪ። መስቀሉ የደብራቸው ነው፤ ዛሬ ገበያ ወርደዋል። ቀይ በር ያለው የገብስ መጋዘን ውስጥ ነው በያቸው። ሰው ይዘው ይምጡ፣ አሁኑኑ።»

«ውስጥ ያለው ሰው ሌባ አይደለም ብዬ ልጨምር?»

እሱ አላሰበበትም ነበር።

«ጨምሪ። ቀጥሎ በምሰጥሽ ቁጥር ወይዘሮ ዓይናዲስ ያነሳሉ፤ የሙሉሃብት አለቃ ናቸው። ‹አጥሩ ተነቅሏል› በያቸው። መልእክቶቹን በሙሉ ላኪላቸው። ለሙሉሃብት ደግሞ፣ ሁሉም እንዳዘዘው ሆኗል፣ ማረፊያው ውስጥ ይጠብቅ በይው።»

«ልድገምልዎት» አለች። ደገመችው። አንድ ነገር አልጎደለም።

እሱ ግን ያጎደለው ነበር። ስልኩም መልእክቱም ሁሉ በስሟ እንደሚሄድ፣ ሲመረመር መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ እንደሆነች አልነገራትም።

መኪና ደጅ ቆመ።

«የቱ ነው?» አለ ወፍራም ድምፅ።

«ቀዩ» አለ ትሁን።

ጓጉንቸሩ ተነካ። አድማሴ መስቀሉን በጆንያዎቹ መሐል ወሸቀና በሩ ጥግ ቆመ። መሣሪያ አልያዘም። ባለማረፊያ ሽጉጥ አይታጠቅም።

ከዚያ የብዙ ሰው ኮቴ መጣ። ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ተሰማ።

«ከበሩ ፈቀቅ በሉ!»

«አባቴ፣ የመንግሥት ሥራ ነው። አይግቡበት» አለ ወፍራሙ ድምፅ።

«የመንግሥት ከሆነ እኛው ፊት ይክፈተዋ!» አሉ መርጌታ።

በሩ ተከፈተ። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው።

«ሌባው ይኸው!» አንድ ገበሬ ዱላውን ሰነዘረ።

«ተው! ከደሴ የደወለችው ልጅ ሌባ አይደለም ብላለች» አሉ መርጌታ።

አድማሴ መስቀሉን አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። መርጌታ ተሳለሙት። እልልታው ከጫፍ ጫፍ ተያያዘ። ገበያተኛው ሁሉ እህሉን ጥሎ ሲጎርፍ የአጥር ሰዎች እጃቸውን ከኮታቸው ውስጥ ሳያወጡ ቀሩ። አንድ ሰው ጋቢውን አለበሰው። መስቀሉን ከሚያጅበው ሕዝብ ጋር ተደባልቆ በአጥር ሰዎች አጠገብ አለፈ።

ሙሉሃብት የዚያኑ ዕለት ማረፊያው ውስጥ ከፈረንጁ ጋር ሻይ ሲጠጣ ተያዘ።

ውባንቺም ተያዘች።

«የሠራችው በእኔ ትእዛዝ ነው» አለ አድማሴ፣ ወልድያ ላይ ወይዘሮ ዓይናዲስን ሲያገኛቸው።

«አውቃለሁ። ግን በወረቀት ላይ አንተ የለህም። ቆመህ ብትመሰክርላት ሌሎቹ ልጆቼም ይጋለጣሉ። ተጣርቶ ትፈታለች። ማረፊያው ይዘጋል። አትደውልላትም።»

«ካልተስማማሁስ?»

«ማጣራቱ ይረዝማል።»

ተስማማ። ማጣራቱ ግን እንዲያም ሆኖ ወራት ፈጀ።

የተፈታች ዕለት ደሴ ነበር። ከፖሊስ ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ዘበኛውን ስታመሰግን በድምፅዋ አወቃት። ከስታ እንደሆነ መለየት አልቻለም፤ ቀድሞ አይቷት አያውቅማ። አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ እህቴ ጋ አንዴ ልደውልበት?» አለችው፣ በእጁ የያዘውን ስልክ እያመለከተች።

ስልኩን ሰጣት።

«ወጣሁ... ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ... ሰውዬው?» ድምፅዋ ወረደ። «የለም። ማንም አልመጣም።»

ስልኩን ስትመልስለት ዓይኖቿ እርጥብ ነበሩ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ማን ልበልህ?»

ቃል ቢወጣው ታውቀዋለች። ጆሮውን በጣቱ ነካና ራሱን ነቀነቀ።

«ውይ፣ አይሰማም ለካ» አለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችለት። ሄደች።

ከመንገዱ እስክትሰወር ጠበቀና ወደ መናኸሪያው ወረደ። በሚሄድበት ከተማ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ገና አልነገሩትም ነበር።