እስከ አጥሩ ድረስ

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም.፣ በወርኃ የካቲት፣ ሬክስዴል የተባለችው የባሕር ማዶ ሰፈር በበረዶ ተሸፍና ሳለ፣ የቀድሞው መቶ አለቃ ሙሉነህ በአንድ የኪራይ ሕንፃዎች ግቢ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ማዕረጉም አሁን «ልዩ ኮንስታብል» ነው። በአገሩ ኮንስታብል ማለት ለመቶ አለቃ እግሩን አጋጭቶ ሰላምታ የሚሰጥ ተራ ፖሊስ ነበር፤ እዚህ ግን ራሱ ኮንስታብል ሆነ፤ «ልዩ» የምትለዋም ቃል ልጓም ነበረች። በግቢው ውስጥ መያዝ፣ ማስወጣት፣ መክሰስ ይችላል፤ ከአጥሩ ካለፈ ግን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው። የግቢው ሐበሾች «ልዩ» ሲባል ከፖሊስ በላይ ይመስላቸው ነበር፤ እሱም ሊያርማቸው አልቸኮለም።

ከቀትር በኋላ ወይዘሮ የኔነሽ በቤት ጫማ በረዶውን እየረገጡ መጡ።

«መቶ አለቃ፣ ይድረሱልኝ! አቢይን ፖሊስ ያዘብኝ፤ እርስዎ ልዩ ነዎት፣ ልቀቀው ብለው ይዘዙት!»

አቢይ አንድያ ልጃቸው ነው። እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ከበሩ ውጭ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ከፖሊስ ጋር ቆሟል። ሰኞ ኤርፖርት ሥራ ሊጀምር ነው፤ ታሰረ ከተባለ የመግቢያ ፈቃዱን አይሰጡትም።

«ጋሼ፣ ሰርች አድርጎኝ፣ ኪሴን ሁሉ ፈትሾ ምንም አላገኘም፤ አሁንም አለቅህም ይላል» አለ አቢይ።

ፖሊሱ ወደ ሙሉነህ ጠጋ ብሎ ፈገግ አለ።

«መንገድ ላይ የምይዝበት ምክንያት የለኝም። ወደ ግቢህ ላስገባልህ፤ ያለፈቃድ ገባ ብለህ አንተ ያዘው። ሥልጣኑ ያንተ ነው፤ የቀረውን ለእኔ ተወው።»

የሙሉነህ ደም ፈላ። ሲያልፍ ሲያገድም «ዘበኛው» እያለ የሚያሾፍበት ሰው ዛሬ ሥልጣኑን አስታወሰው! ሥልጣን ያሉት ለካስ ለዚህ ኖሯል፤ የሰው ልጅ በሐሰት ለማሰር! ወይዘሮ የኔነሽ ያዝዝልኛል ብለው ዐይናቸውን ጥለውበታል፤ ፖሊስ ማዘዝ ግን አይችልም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ አንጀቱን አቃጠለው።

«አቢይ፣ ግባ!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ፤ ወደ ፖሊሱም ዞረ። «ይህ ሰው እናቱ የጠራችው እንግዳ ነው። ያለፈቃድ ገባ ብዬ የምመሰክረው እኔ ነኝ፤ አልመሰክርም! ምክንያት ካለህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናገር!»

ፖሊሱ በየሰገነቱ የወጣውን ሕዝብ ቀና ብሎ አየ፤ አውቶሞቢሉን አስነሥቶ ሄደ። አቢይ በበሩ አልፎ እናቱን አቀፈ፤ ሰኞም ሥራውን ጀመረ።

ወር ሳይሞላ ሙሉነህ «ከፖሊስ ጋር አልተባበረም» ተብሎ ከሹመቱም ከደመወዙም ተነሣ። ወይዘሮ የኔነሽ ግን «ልዩ ማለት እንዲህ ነው፤ ፖሊሱን አዝዞ አባረረልኝ!» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ፤ ሙሉነህ አሁንም አላረማቸውም።

በግቢው ዓመታዊ ዘገባ ያ ዕለት «የተያዘ ሰው የለም» ተብሎ ታልፏል፤ ለጸጥታውም ምስጋናው ለፖሊስ ሆኗል። የተያዙት ሁሉ ስማቸው ከነቀኑ ተጽፎ ይገኛል፤ ያቺ «የለም» የምትለው ቃል የአንድን ሰው እንጀራ እንዳሳጣች ግን የጻፈ የለም።