ሁለተኛው ነጥብ

ወይዘሮ ውድነሽ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነስታ የመኪናውን ስክሪን በጣቷ ነካ ታደርግና የሬዲዮው ዜና እስኪመጣ መነጽሯን ትወለውላለች። ስክሪኑ አርጅቷል። ባሏ መርዕድ በሕይወት ሳለ ገና ሲነኩት ይታዘዝ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ግን እንደሚያመነታ ሰው መዘግየት ጀመረ። እንዲያም ሆኖ ለባለሙያ አላሳየችውም። በበራ ቁጥር «የመርዕድ ስልክ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይልበታል፤ ስሙን በየቀኑ የሚያነሣላት ሌላ ማንም አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ መዘግየቱ ባሰ። አንድ ጠዋት ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ መስታወቱ በእስትንፋሷ ደብዝዞ ሳለ፣ ስክሪኑ ላይ የጣት አሻራ አየች፤ ከእሷ በኩል ሳይሆን ከጎኗ ካለው ወንበር በኩል የተዘረጋ እጅ የተወው። በመሐረብ ጠረገችው። በማግሥቱ እዚያው ነበር። መኪናው ውስጥም መስኮት ብትከፍትለት የማይወጣ፣ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ጓዳ የሚመስል የእርጥብ አፈር ሽታ ሰፈረ።

መርዕድ የኋላ ካሜራ በሚባል ነገር አያምንም ነበር። እሷ መኪና ወደ ኋላ ስታስገባ ሁልጊዜ ወርዶ ከኋላ ይቆምና፣ እጁን እያወዛወዘ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ… በቃ» ይላታል። አሁን ካሜራው ብቻ ነው የቀራት። እሱም ምስሉን ስክሪኑ ላይ አዘግይቶባት የግቢውን ዘበኛ ልትገጫቸው ስትል ለጥቂት ተረፉ። ያን ዕለት ሳትወድ በግድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሙሉቀን ዘንድ ሄደች።

«አርጅቶ ነው?»

«ዕቃም ሲያረጅ ይዘገያል እትዬ፣ እንደኛው ነው» ብሎ እየሳቀ የስክሪኑን መፈተሻ ከፈተ፤ የተነካው ቦታ ነጭ ነጥብ ሆኖ የሚታይበት ጥቁር ገጽ ነው። «እስቲ ይንኩት።»

ነካችው። ሁለት ነጥብ ታየ። ጣቷን አነሣች። አንዱ ቀረ።

ሙሉቀን በጨርቅ ወለወለው። ነጥቡ ከጨርቁ ሥር ፈቀቅ አለ። ሳቁ ጠፋ።

«አልዘገየም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላ ጣት ያለበት መስሎት፣ ያ እስኪነሣ ነው የሚጠብቀው። ይቀየር እትዬ። ዛሬውኑ።»

«ይቆይ» አለች።

ወደ ቤት ስትነዳ ቀኝ እጇን ከመሪው አውርዳ ባዶው ወንበር ላይ አሳረፈች። ወንበሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ እሷ ግን እጇን አላነሣችም። መርዕድ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እንዳልሆነች የተሰማት ያኔ ነው።

ግቢ ስትደርስ መሽቷል፤ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሟል። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባች። ስክሪኑ እንደጠቆረ ቆየ።

«መርዕድ» አለች በቀስታ፣ «በል እጅህን አንሣልኝ፣ ላስገባ።»

ከጎኗ ያለው ወንበር ሲጥ አለ፤ ምስሉም መጣ፤ ከመኪናው ኋላ፣ በፍሬን መብራቱ ቅላት ውስጥ፣ መርዕድ እንደ ልማዱ ቆሟል፤ «ነይ» ግን አይላትም፣ በሁለት እጁ «ውረጂ፣ ውረጂ» ይላታል።