በጓንቱ ስር የነበረው ቀለበት

ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ብታህል ነው። ጓንቷን ስታወልቅ አየቻት፤ የቀለበቱን ፈርጥ የያዘችው ጥርስ ላስቲኩን ወግታው ነበር። ተመራማሪዋ ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም የለም። ጓንቱን ጠቅልላ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችና እጇን ታጠበች። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሏት ነበር።

ያን ቀን ስትመረምረው የዋለችው የምስር ፍሬ የሚያህል የጨረቃ ድንጋይ ስባሪ ነበር፤ ከሌላ አገር ቤተ ሙከራ በስንት ደብዳቤና በስንት ፊርማ በውሰት የመጣ። ሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ እጇ ገብቶ አያውቅም። የምትለካው በውስጡ ያለውን ወርቅ ነው፤ እሱም ከቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሁሉ ቀለበቱንም ሰዓቱንም በር ላይ አስቀምጦ ይገባል። ማስጠንቀቂያውን በሩ ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት።

ቀለበቱን የሰጣት የቤተ ሙከራው ድንጋይ ቆራጭ ነው። የተገናኙት በመጣች በሳምንቷ፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ በጫማ ካርቶን ይዛ መቁረጫ ክፍሉ የገባች ዕለት ነበር።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«ከሰማይ ወድቆ።»

«ጠርጥሬያለሁ» አለ መጋዙን ሳያቆም። «የአንቺም አመጣጥ የምድር አይመስልም።»

በቀን አሥር ቃል የማይወጣው ሰው መሆኑን ያወቀችው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን አብረው መብላት ጀመሩ። ባወራች ቁጥር እያያት ይሰማል፤ ዝም ባለች ቁጥርም እያያት ይሰማል።

ቀለበቱ ወርቅ አንጥረኛ የሆኑት አባቱ በእጃቸው የሠሩት ነው። «አሁን መልስ አልፈልግም» ነበር ያላት። «ስትወስኚ አድርጊው።»

ቀለበቱ ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ከተማረችበት አገር የሥራ ጥሪ መጥቶላታል፤ ማታ ልሂድ ትላለች፣ ጠዋት ልቅር። አንድ ማክሰኞ፣ ለአንድ ቀን ብቻ እንዴት እንደሚሆን ልየው ብላ አደረገችው። እንዳያይባት ጓንቷን ደረበችበት።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ወርቁ ከሚጠበቀው አርባ እጥፍ ሆነ።

ድንጋዩን የነኩት እሷና ስባሪውን የቆረጠላት እሱ ብቻ ነበሩና ኃላፊው ሁለቱንም ጠሩ። «ይህ ወርቅ ከጨረቃ አልመጣም» አሉና ወደ ቆራጩ ዞሩ። «አባትህ ወርቅ አንጥረኛ ናቸው አይደል?»

«አዎ።»

«አንተስ ሱቃቸው ትሄዳለህ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እረዳቸዋለሁ።»

ተመራማሪዋ አፏን ከፈተች። እሱ ግን ቀደማት።

«በልብሴ ይዤ ገብቼ ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። በማግስቱ እሱን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ግምጃ ቤቱ ድረስ ሄደች። ሲያያት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አትጠጊኝ፣ ሌላ ድንጋይ እንዳላበላሽብሽ።» ቀልዱ ነበር፤ ግን አልሳቀም። ብናኝ እንዳይይዝበት ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል።

«አባባ ደህና ናቸው?»

«በስልክ ነው የማገኛቸው። ሱቅ መሄድ ትቻለሁ። ባለፈው እኔ ቤት ድረስ መጥተው ነበር፤ በልብሳቸው ብናኝ ይኖራል ብዬ በር ላይ አነጋግሬ ሸኘኋቸው።»

«ምን አሉህ?» ልትል ጀምራ ተወችው።

ቅዳሜ ወደ ሱቁ ሄደች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በትንሽ ብሩሽ ወለሉን እየጠረጉ ብናኙን ቆዳ ላይ ይሰበስባሉ።

«ነይ ልጄ፣ ጫማሽን እዚያው አራግፊ። አርባ ዓመት እንዲህ ስጠርግ ከዚህ ቤት ብናኝ በእግር ወጥቶ አያውቅም እል ነበር። ዓይኔ ከድቶኛል ማለት ነው።» ቀና አሉ። «በወሩ መጨረሻ ልዘጋው ነው። ከሱቅ ልጅ ይበልጣል።»

ቀለበቱን አውልቃ ሳይሆን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አባባ፣ ወርቁ ከእርስዎ ቤት አልወጣም። ከእኔ ጣት ነው የወጣው። የዚያኑ ዕለት አውቄያለሁ።»

ሽማግሌው ቀለበቱን አንስተው ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ከሠራሁት ፀጉር ታህል ጎድሏል» አሉ። «ለእሱ ነግረሽዋል?»

«ሰኞ፣ ኃላፊው ባሉበት…»

«አይሆንም። መጀመሪያ ለብቻው።»

ከቤቱ ደጅ ቆማ ነገረችው። ስለ ድንጋዩ አንድም ነገር አልጠየቃትም።

«አድርገሽው ነበር?»

«አንድ ቀን።»

«በጓንት ሸፍነሽ?»

«ልሞክረው ብዬ…»

መሬት መሬቱን አየ። «በእኔስ ይሁን። አባቴን ግን በር ላይ አቁሜ መለስኳቸው፤ እንዳልነካቸው እጄን ወደ ኋላ አድርጌ።» ገብቶ በሩን ዘጋ። አልደረገመውም፤ ቢደረግመው ይሻላት ነበር።

ሰኞ ሁሉንም ጽፋ ፈረመች። የተረፈው የጨረቃ ድንጋይ ለባለቤቶቹ ተመለሰ፤ እሷ ለአንድ ዓመት ከዚያ ክፍል ታገደች። የሥራ ጥሪውም ወሬው ሲደርሳቸው ተሰረዘ። ቆራጩ ወደ መጋዙ ተመለሰ። በኮሪደር ሲያልፉ ሰላም ይላታል፤ ከሰላምታው በቀር ሌላ ቃል የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እሷ ሱቁን መጥረግ ጀመረች። ያዘዛት የለም። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብለው ብሩሹን ሰጧት፤ ልጃቸው ከሰዓት ስለሚመጣ እሷ ጠዋት መጥታ ቀትር ሳይሆን ትወጣለች።

በአምስተኛው ወር ልጁ ጠዋት መጣ። እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር። ሽማግሌው ከመሳቢያቸው ቀለበቱን አወጡና እንደ ልማዳቸው ሚዛን ላይ ጣሉት።

«ያቺ የጎደለችው ዛሬም አልተገኘችም።»

«ጨረቃ ላይ ናት» አለ ልጃቸው። «ሄደህ አምጣት ቢሉኝ እንኳ አልሄድላትም።»

ሽማግሌው ሳቁ። እሷ ልትስቅ ሞከረችና ዓይኗ ሞላ። እሱ ቀለበቱን ከሚዛኑ አንስቶ ፊት ለፊቷ በርከክ አለ፤ ጫማውን በር ላይ ማራገፉን አየች።

«ልትሄጂ ነው?» አላት።

«የምሄድበት የለኝም። ቢኖረኝም አልሄድም።»

«ይቅር ብያለሁ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ገና ነኝ።»

«እኔም ራሴን ይቅር ለማለት ገና ነኝ።»

እጇ በብናኝ ተለውሷል። ልታብሰው ስትል ያዛት፤ ቀለበቱን በዚያው አቧራማ ጣቷ ላይ ቀስ አድርጎ ሰካው።

«ሥራ ስትገቢ በር ላይ አውልቂው» አለ። «ጓንት ግን አትደርቢበት።»