ትልልቆቹ እጆች

ሟቹ ከፎቁ በረንዳ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። አጠገቡ የተሰበረው የእንጨት መደገፊያ ወድቋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ክፉ ቀን ጣለው» አለ። መርማሪዋ ግን ጎንበስ ብላ ስብራቱን አየችና፣ ማንም ሳይጠጋው በጨርቅ ጠቀለለችው።

በቤቱ የቀሩት የሟቹ ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙና ሚጢጢ የሚሏት ሕፃን ልጁ ናቸው። ሚስቲቱ የሚጢጢ እንጀራ እናት ናት፤ ወንድምየው ሥራ እስኪያገኝ ተብሎ የተጠጋ ነው። ሚጢጢ አባቷ ከወደቀ ወዲህ ትንፍሽ አላለችም። ዝም ብላ ትስላለች።

ወንድምየው ከሥዕሎቹ አንዱን ለመርማሪዋ ዘረጋላት። የእንጀራ እናቲቱ እጆች ከቤቱ ጣሪያ ይበልጣሉ።

«አዩ፣ ኢንስፔክተር? ሕፃን አይዋሽም። ወንድሜን የበሉት እነዚህ እጆች ናቸው።»

«መደገፊያው በስብሶ ቢሆንስ?»

«ምን ይበሰብሳል! የአናጢ ልጅ እኮ ናት፤ መጋዝ ለእሷ አዲስ አይደለም።»

እንጀራ እናቲቱ ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች። «እንጀራ እናት ምን ብላ ትታመናለች? ልጄን ብቻ እንዳትወስዱብኝ።»

መርማሪዋ ሥዕሎቹን ሰብስባ ወደ ሕፃናት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄደች። ሰውየው ገና ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ።

«አባትየው በሞተበት ቀን ዋዜማ የዚህችን ልጅ ሥዕሎች ይዞ መጥቶ ነበር» አለ። «ሥዕል ወንጀለኛ አይጠቁምም፤ የልጁን ስሜት ነው የሚነግረን። እጆቹን ብቻ አይዩ። ልጅቷ ራሷን የት አስቀመጠች?»

በእጆቹ መካከል ነበረች፤ ፈገግ ብላ። አጎቷ ባለበት ሥዕል ሁሉ ግን ሚጢጢ አፍ የላትም። እሱ የቆመበት ቦታ በእርሳስ ብዛት ጠቁሮ ወረቀቱ ተቀዷል።

«አባትየው ምን አለ?»

«"ልጄን የሚመታት እሱ ነው፤ ነገ ከቤቴ ይወጣል" ብሎ ተነሳ።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሚጢጢን ጎረቤት አስቀምጣ ሌሎቹን ሳሎን ሰበሰበች። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ሚጢጢ በትልልቅ እጆች የሳለችው መጠለያዋን ነው» አለች። «የምትፈራው ሌላ ሰው ነው። ፍርሃት ግን ማስረጃ አይሆንምና ወደ እንጨቱ ተመለስኩ። ከሥሩ እስከ ግማሽ ተቆርጦ በሰም ተደፍኗል።»

ሚስቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። ወንድምየው «አላልኩም?» አለ።

«ብለዋል። ጣጣው እሱ ነው። መቆረጡን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መጋዝ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው። ጠዋት ክፍልዎ ሲፈተሽ መጋዙ ፍራሽዎ ሥር ተገኘ፤ ጥርሱ ላይ የመደገፊያው ቀለም አለ። ወንድምዎ ልጁን እንደሚደበድቧት ደርሶበት ሊያስወጣዎት ነበር።»

ሰውየው ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «ለልጅ ሙንጭርጭር ብሎ የእናቱን ልጅ ያባርራል?»

ፖሊሶቹ ጠጋ አሉ።

እንጀራ እናቲቱ ሚጢጢን ልታመጣ ጎረቤት ስትገባ፣ ልጅቷ አጎቷን የጫነው የፖሊስ መኪና ሲሄድ በመስኮት እያየች ነበር።

«አጎቴ ይመለሳል?» አለች፤ ድምጿ ሻክሯል።

«አይመለስም፣ ልጄ። ከእንግዲህ አይመለስም።»

ሚጢጢ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«አባዬስ?»