የጭሱ መውጫ

«ኤሌክትሪክ ነው የገደላቸው» የሚለው ወሬ ከመርማሪዋ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር።

መርማሪዋ የጋራዡን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ሟቹን በጀርባቸው ተንጋለው አየቻቸው። አጠገባቸው ገና የአዲስነት ሽታዋ ያልለቀቀ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። የባትሪ መሙያው ገመድ ጫፍ በቀኝ እጃቸው መዳፍ ላይ ነው። ከወዲያ ማዶ፣ ግድግዳውን ተጠግታ፣ ቀለሟ የደበዘዘ የቤንዚን ታክሲ አለች። ሁለቱ መኪናዎች እንደ ጣውንቶች ጀርባ ተሰጣጥተው፣ በመካከላቸው የሁለቱም ጌታ ተዘርግተዋል።

ሰውየውን ሁሉም «ጋሽ ጆሮ» ነበር የሚላቸው። መካኒክ ናቸው። ሞተር አስነስተው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና የቱ ጋ እንዳመመው ይናገራሉ። ለብዙ ዓመት በዚች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የሰፈሩን መኪና ሁሉ በጆሯቸው ሲያክሙ ኖረዋል።

መርማሪዋ ተንበረከከች። መዳፋቸውን ገልብጣ አየች፤ ያረረ ነገር የለም። ጉንጫቸው ሮጦ እንደመጣ ሰው ቀልቷል። አፍንጫቸው ላይ መነጽር የኖረበት ሰርጎድ ያለ ምልክት አለ፤ መነጽሩ ግን የለም። ከተረከዛቸው ጀምሮ በዘይታማው አቧራ ላይ ሁለት መስመር ተስሏል። መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው። የአሮጌዋ ታክሲ በር ሥር አለቀ።

የታክሲዋን ኮፈን በእጇ ነካችው። ሞቅ ይላል። ወደ ውስጥ አንገቷን አሰገገች፤ የሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተለጥጧል። መሪው ፊት ለፊት ደግሞ መነጽሩ በጥንቃቄ ታጥፎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተጠቀለሉ የጠቆሩ ካንዴላዎች፣ አጠገባቸው የአዲስ ካንዴላ ባዶ ካርቶን።

«ማንም ምንም እንዳይነካ» አለችና ወደ ግቢው ወጣች።

ፖሊሱ አንድ ወጣት በክንዱ ይዞ ቆሟል። መሙያውን የገጠመው ኤሌክትሪሺያን ነው። ከንፈሩ ደርቋል።

«ገመዱን የዘረጋኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እህቴ። ግን ይሄ ገመድ ጫፉ መኪናዋ ላይ ካልተሰካ ኮረንቲ የለውም። ቢልሱት እንኳ አይነዝርም! ለማን ልንገር? ሁሉም እንደ ገዳይ ነው የሚያየኝ። ሚስቴ ዛሬ ነገ እያለች ነው፣ ልትወልድ። እኔ ልታሰር ነው።»

«ስትገጥም ግድግዳ በስተሃል?»

«በበሩ በኩል ነው ያስገባሁት። የወዲያውን ግድግዳ አልደረስኩበትም።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ያለው ወፍራም ሰውዬ ሳይጠራ ተነሳ። የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከድምፁ የተነሳ «ጥሩምባ» ይሉታል። ዛሬ ድምፁ ሰልሏል።

«እኔ ነግሬው ነበር። ይቺ ድምፅ የሌላት ነገር ትበላሃለች ብዬዋለሁ። እየቀለድኩ ነበር እንጂ… ማን ያውቃል።»

«አሮጌዋን የገዛሃት አንተ ነህ አሉ።»

«ነገ ልወስዳት ነበር። ‹ሙሽራ አድርጌ ነው የማስረክብህ፣ አሁን ብትነካት እጅህን እቆርጠዋለሁ› አለኝ።»

«ከፍቷቸው ነበር?»

«እንዴት አይከፋው? ያቺን መኪና ከሚስቱ እኩል ነው የሚያውቃት። ‹ልጄ ዘይት የማይቀየርላት፣ ካንዴላ የሌላት መኪና አመጣብኝ፤ ጆሮዬን ጡረታ አወጣው› ይላል። ደንበኞቹም እየቀነሱ ነበር። ይስቃል ግን። ሲስቅ ዓይኑ አይስቅም።»

ልጃቸው የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ነጯን መኪና ሌሊት ሌሊት የሚነዳት እሱ ነው።

«የገዛኋት እኔ ነኝ» አለ መርማሪዋ ሳትጠይቀው። «ለነዳጅ ሰልፍ የለ፣ ብልሽት የለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ የማወጣው ከድሮው ሩቡን አይሆንም። ስትሞላ ግማሽ ቀን ትገተራለች፤ ባትሪዋ የሞተ ቀን ደግሞ ሌላ መኪና መግዛት ማለት ነው ይላሉ። አባቴ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ሲከራከረኝ ከርሞ፣ አንድ ቀን ዝም ብሎ እሺ አለ።»

«ለምን?»

«ለእናቴ። ደረቷ ታማሚ ነው። ሐኪሙ ከጭስ ካልራቀች አትድንም አለ። አባቴም ‹ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ጭስ አታዪም› ብሎ ቃል ገባላት።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ።» ወደ ጋራዡ በር አየ። «ሌሊት ስለምሠራ ቀን እተኛለሁ። እሱ ሲሠራ እንዳይቀሰቅሰኝ የጋራዡን በር ይዘጋል። ሁልጊዜ ይዘጋል። ብሰማ ኖሮ…»

የሟቹ ባለቤት ከጋራዡ ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐዩ ያቃጥላል። ገመዱ ባዶውን ነው። አጠገባቸው በታጠበ አንሶላ የተሞላ ሳፋ አለ።

«እናቴ፣ ያገኟቸው እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ከሐኪም ቤት ስመለስ ነው፣ ልጄ። ገመዱን እንደያዘ።»

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቁም። «ደረትሽ ጠርቷል አለኝ። ልነግረው ስበር ነው የመጣሁት።»

«ጋራዡ ውስጥ ይገቡ ነበር?»

«ኧረ ምን ብዬ! ስንት ዓመቴ ደፉን ከረገጥኩ። ውስጡ ምን ይሥራ ምን አላውቅም። እኔ የማውቀው በዚያ በኩል የሚወጣውን ጭስ ነው። ልብሴን ሲያጠቁርብኝ፣ እኔን ሲያስለኝ ነው የኖረው።» በአገጫቸው ግድግዳውን አመለከቱ።

ከግድግዳው በታች በኩል ክብ ቀዳዳ አለ። በሲሚንቶ ተደፍኗል። ሲሚንቶው አዲስ ነው፣ በጣት ተለስኗል፤ የጣቶቹ ፈለግ ቀጭን ነው። መርማሪዋ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሳፋውን አንሶላ በአንድ ጫፍ አነሳች። ከሥሩ ያለውን ተመልክታ መልሳ ሸፈነችው። አዛውንቷ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

«ሁላችሁም ወደ ጋራዡ ኑልኝ» አለች መርማሪዋ።

ገቡ። አስከሬኑ ነጠላ ለብሷል። ጥሩምባ ባርኔጣውን አወለቀ። ፖሊሱ አሁንም የኤሌክትሪሺያኑን ክንድ አልለቀቀም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የገመዱን ጫፍ አነሳች። ማንም ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳይገባው፣ ብረት ብረቱን በባዶ እጇ ጭብጥ አደረገችው።

«ኧረ በሕግ!» ጮኸ ጥሩምባ።

ምንም አልሆነችም። ገመዱን ወደ ቦታው መለሰችው።

«ይህ ልጅ እውነቱን ነው። ጋሽ ጆሮ ኮረንቲ አልነካቸውም፤ መዳፋቸውም አላረረም። ጉንጫቸው እንዲህ የቀላው በጭስ ስለታፈኑ ነው። ነጯ መኪና ደግሞ ጭስ የላትም። ስለዚህ የሞቱት አሮጌዋ ውስጥ ነው። ኮፈኗ ሞቅ ብሎ አገኘሁት። መነጽራቸው መሪው ጋ ነው። ተረከዛቸው መሬቱን እየጫረ ከዚያ እዚህ ድረስ ተጎትተዋል። አንድ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ አውጥቶ፣ ገመዱን አስጨብጧቸዋል።»

«ማነው እሱ?» አለ ልጁ ወደፊት ራመድ ብሎ።

መርማሪዋ ወጣ ብላ ከሳፋው ያመጣችውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጫፉ ጥላሸት ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ እናቱ።

ወደ ጎማው ቀረብ አሉ።

«በሩን ስከፍት ጭሱ መታኝ። ይሄን ጎማ ጭሱ በሚወጣበት ማርሚታው ላይ አስሮ፣ ሌላው ጫፍ የመኪናዋ በር ሥር ወድቆ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ… መኪናዋን ነገ ሊወስዱበት ነው፣ ሥራው ተወስዶበታል። በገዛ እጁ ነው አልኩ። በእኔ ደረት ምክንያት። ሰው እንዲህ ብሎ እንዲያወራው አልፈለግኩም። አዲሱ ነገር ገደለው ቢባል ይሻላል ብዬ ጎተትኩት። ከስቶ የለ፣ ክብደት የለውም።»

«እኔስ፣ እማማ?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «እኔን አላሰቡኝም?»

«አላሰብኩህም ልጄ። በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም። ይቅር በለኝ።»

ፖሊሱ ሳይታዘዝ የወጣቱን ክንድ ለቀቀው።

«እናቴ፣ ይስሙኝ» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባለቤትዎ ራሳቸውን አላጠፉም። ሊሞት የተነሳ ሰው ካንዴላ አይቀይርም። ጓደኛቸውን ‹ታክሲዋን ሙሽራ አድርጌ አስረክብሃለሁ› ብለውታል፤ ቃላቸውን ሲጠብቁ ነበር። እርስዎ ሐኪም ቤት እስኪሄዱ ጠብቀዋል፣ ጭሱን እንዳያዩት። ልጃቸው እንዳይነቃ በሩን ዘግተዋል። ይህ ጎማ ደግሞ…»

ከታክሲዋ ኋላ ባለው መደርደሪያ ሥር ጎንበስ ብላ የጎማውን ሌላ ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለው ቀዳዳ አስገባችው። ልክክ አለ።

«አዎና!» አለ ጥሩምባ፣ እንባው እየወረደ። «በዝናብ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚሠራው! በር ዘግቶ፣ ጭሱን በጎማው ወደ ውጭ እየሰደደ። መኪናዋ ሳትነዳ ሞተሩ የሚዞርበትን ሚኒሞ ሲያስተካክል ወንበሩን ለጥጦ፣ መነጽሩን አውልቆ ያዳምጣል። የእንቅልፍ ያህል ነው የሚመስጠው።»

አዛውንቷ ጎማውን አዩት፣ ቀዳዳውን አዩት። «ስለዚህ… ሊሞት አይደለም?»

«አይደለም፣ እናቴ። ሊሠሩ ነው የገቡት።»

ለቅጽበት ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር በራ። ልጁ ግን ግንባሩን ቋጥሮ ቀዳዳውን ያያል።

«ታዲያ ጭሱ ለምን አልወጣም?»

«መውጫው ከውጭ ተደፍኗል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ነጯ መኪና ከመጣች ወዲህ አሮጌዋ እዚህ ውስጥ ተነስታ ስለማታውቅ ጋሽ ጆሮ አላወቁም። ከውስጥ ሲያዩት ያው ጨለማ ነው። መሄጃ ያጣው ጭስ ጎማውን ከግድግዳው ገፍቶ ጣለው፤ ቀዳዳው አፍ ላይ የዛሬ ጥላሸት አለ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን እያዳመጡ ነበር። የሚገድለው ደግሞ ድምፅ የለውም።» ሰውነቷን አቃናች። «ጭስ የማያወጣ መኪና በገባበት ቤት የጭስ ቀዳዳ መድፈን ወንጀል አይደለም። ማን እንደደፈነው አልጠይቅም። ምርመራዬ እዚህ ያልቃል።»

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። ቀጭን ጣቶቻቸውን አየ። ከዚያ በችኮላ፣

«እኔ ነኝ የደፈንኩት» አለ። «አይጥ እንዳይገባ ብዬ። እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ወፋፍራም ጣቶቹን አየች። ማስታወሻ ደብተሯን ከኪሷ አላወጣችም።

«ተው ልጄ» አሉ እናቱ። «ለዚህ ቤት አንድ ውሸት ይበቃዋል።»

ወደ ነጯ መኪና ሄደው ጎኗን ተደገፉ።

«መኪናዋ የመጣች ዕለት ነው። ከእንግዲህ ጭስ የለም ብሎኛል፣ እሱ ደግሞ ያለውን አይለውጥም ብዬ። ነጭ አንሶላ ልግዛ፣ ነጭ ነገር ላስጣ ብዬ። እየዘፈንኩ ነው በጣቴ የለሰንኩት። ልነግረው እንኳ አላሰብኩም። ምኑ ይነገራል፣ የግድግዳ ቀዳዳ?»

ኤሌክትሪሺያኑ መሣሪያ ከረጢቱን አንስቶ ወጣ። ወደ ሚስቱ የሚሄድ መስሏቸው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮው የመሮና የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ሲሚንቶው ፍርክስ እያለ ወደቀ፤ በመደርደሪያው ሥር ክብ ብርሃን ገብቶ የአሮጌዋ ታክሲ የኋላ ጎማ ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ አዛውንቷ አለቀሱ። ከሆዳቸው ሥር እየተሳበ በሚወጣ፣ ትከሻን በሚያናውጥ ለቅሶ አለቀሱ። ልጃቸው ከልማዱ የተነሳ ሊደግፋቸው ተንደርድሮ መጣ፤ እንዲህ ሲያለቅሱ ሳላቸው ተነስቶ እንደሚጥላቸው ያውቃል። እጁን ጀርባቸው ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ሳሉ አልመጣም። ረጅም፣ ሙሉ ትንፋሽ ይስባሉ፣ ያለቅሳሉ። ደግመው ይስባሉ። ደረታቸው ጠርቷል።