የቀበቶው አምስተኛ ቀዳዳ

ሟቹን ከታንኩ አውጥተው የመርከቡ ወለል ላይ በሸራ ሸፍነውት ነበር። መርማሪዋ ሸራውን ገለጥ አድርጋ ፊቱን አየች፤ ዓይኑን በቀስታ ከደነችለት። ቀጥሎ ወገቡን አየች። ቀበቶ አልታጠቀም።

በወደቡ ሰፈር «መርፌ» ይሏታል። ስለ ቅጥነቷ ነው የሚሉ አሉ፤ የተወጋ ግን ምክንያቱን ያውቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመርከብ ላይ የሚሞቱ ሰዎችን ጉዳይ ስትመረምር ኖራለች፤ ሸራ ስትገልጥ ግን እስካሁን እጇ ይቀዘቅዛል። ያልቀዘቀዘ ቀን ሥራውን እተዋለሁ ትላለች።

ሟቹ የዚያ ኬሚካል ጫኝ መርከብ የፓምፕ ሹም ነበር፤ ስድሳ ዓመት የተጠጋው፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ሰው። በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ወደ ታንክ የሚጠጋውን ሁሉ «ለካህ?» እያለ ስለሚያፋጥጥ «አባ ለካህ» እንዳሉት ቀሩ። የታንክ አየር ሳይለካ አይገባም፣ ማንንም አያስገባም፤ ሃይማኖቱ ይኸው ነበር።

«ያሳዝናል» አለ ካፒቴኑ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ። «ሳይለካ ገብቶ ነው። አራተኛው ታንክ ናይትሮጅን ነበረበት። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ሁለት ሦስቴ ከሳቡት በቃ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለዙር ስወጣ ታች ወድቆ አየሁት።»

«ብቻውን ነበር?»

«ብቻውን። ሠራተኛው ሁሉ ሻይ ላይ ነበር።»

«ምክትልዎስ?»

«ራሱን አሞት ክፍሉ ተኝቶ ነበር። የሟቹን ልጅ ያገባው እሱ እኮ ነው። ከሰማ ጀምሮ ከአልጋው መነሳት አልቻለም።»

የኩባንያው ወኪል ከጎናቸው ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጫማው ከመርከቡ ሁሉ የበለጠ ያበራል። «መርከባችን ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት ነበረበት» አለ። «ሰውየው ደንብ ጥሶ በራሱ ጥፋት ነው የሞተው። እሱን ይጻፉልንና እንሂድ።»

«እሱ እንኳ የትም አይሄድም» አለች መርፌ ወደ ሸራው እያየች። «እናንተም ቆዩ።»

አባ ለካህ የአየር መለኪያውን ከአንገቱ አውልቆ እንደማያውቅ ወደቡ ሁሉ ይመሰክራል። አሁን ግን አንገቱ ባዶ ነው። መርፌ በጉልበቷ ተንበርክካ በታንኩ አፍ ዙሪያ ፈለገች፤ መለኪያው ከቧንቧዎቹ ስር ተወሽቆ፣ ረጅም ቱቦው እንደተያያዘበት፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ቁልፉን ነካች። መሣሪያው የለካውን ሁሉ ከነሰዓቱ ያስቀምጣል። የመጨረሻው ልኬት ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው፤ ኦክስጅን፣ ዘጠኝ በመቶ። ሰው የሚተነፍሰው ጤነኛ አየር ሃያ አንድ ነው።

«ለክቷል» አለች።

ካፒቴኑ ኮፍያውን እንደገና ማዞር ጀመረ። ወኪሉ ግን ምላሱ አልተሳሰረም። «እንግዲያው አውቆ ነዋ የገባው! ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጤና አልነበረውም ይባላል። ራሱን ነው ያጠፋው።»

አንድን ሰው በአንድ ቀን መጀመሪያ ሞኝ፣ ቀጥሎ ራሱን ገዳይ አደረጉት። መርፌ አየር የሚሰጥ ጭንብል አጥልቃ፣ ሁለት ሰው ከላይ አቁማ፣ ደንቡ እንደሚለው ወረደች። መሰላሉ መሃል ላይ አንድ ሰው የሚያስቆም ጠባብ ማረፊያ አለ። የታንኩ ወለል እንደ ሙጫ በሚያጣብቅ የኬሚካል ዝቃጭ ተለብጧል። ዝቃጩ ላይ ፕላስቲክ ባልዲና አካፋ ተጥለዋል፤ ከላይ በኩል ጠብታ እንኳ አልነካቸውም።

ቀጥላ የሄደችው ወደ ማድ ቤት ነው። የመርከብ ወሬ የሚበስለው እዚያ ነው። ወጥ ሠሪው ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅሳል፤ ሽንኩርቱ ሰበብ ሆኖለታል።

«ሻይ ሰዓት ላይ ምን ሰማህ?»

«እትዬ፣ ሃያ ዓመት የራሴን ወጥ ስበላ ምላሴ ደንዝዟል፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። መጀመሪያ የአባ ለካህ መለኪያ ሲጮህ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ዊንቹ፣ የገመድ መጎተቻው፣ ሲጥ ሲጥ አለ። ገመድ ሲጠቀለል፣ ከባድ ነገር ሲጎትት።»

«ማን ነው ያዞረው?»

«እኔ ምን አውቄ? ሁሉም እዚህ ተቀምጦ ነበር። ያልነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሟቹ፣ ካፒቴኑና ምክትሉ።» ቢላዋውን አስቀመጠ። «ምክትሉ ሾርባ ብወስድለት ባልዲ ሙሉ አስመልሶ አገኘሁት። ምን ነካህ ብለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።»

ዕቃ ቤት ውስጥ የአባ ለካህ ቀበቶ በምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ገመድ የሚያያዝበት የብረት ቀለበት ያለው፣ ቀጭኑም ወፍራሙም እንዲታጠቀው ቀዳዳዎቹ ተራርቀው የተበሱ ወፍራም የቆዳ ቀበቶ። ሁለተኛው ቀዳዳ በዓመታት ብዛት አብረቅርቋል፤ የሸንበቆው ወገብ ልክ እሱ ነው። አምስተኛውና የመጨረሻው ቀዳዳ ግን ትኩስ ተለጥጦ ጠርዙ ተቀዷል። መርፌ ጣቷን አስገብታ ብዙ ቆየች።

የጭነት መዝገቡን አስመጣች። ይህ ኬሚካል ጥቂቱ ብዙ ዓሣ ይፈጃልና፣ ታንኩ ከተራገፈ በኋላ እዚያው ወደብ ላይ በሙቅ ውኃ መታጠብ፣ እጣቢውም ለየብስ መቀበያ ጣቢያ መሰጠት አለበት፤ አለዚያ መርከቡ አይወጣም። መዝገቡ «ታጥቧል» ይላል። የካፒቴኑ ፊርማ አለ፣ የምክትሉም አለ። የፓምፕ ሹሙ ቦታ ባዶ ነው። መርፌ መቀበያ ጣቢያው ደወለች።

«ከዚያ መርከብ?» አለ ተረኛው። «አንዲት ባልዲ አልተቀበልንም። ተራችሁ ነገ ነው ብንላቸው ተበሳጭተው ሄዱ።»

በማግስቱ የሟቹ ቤት ሄደች። ሰው ሞልቷል፤ ወንበር የጠበበው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ልጁ፣ ዓይኗ ያበጠ የሠላሳ ዓመት ሴት፣ እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሳይለካ ገባ አሉ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ራሱን ገደለ ይላሉ። ሰው ሊያጽናናኝ ይመጣና ዓይኔን ማየት ያፍራል። አባቴን ምን ብዬ ልቅበረው?»

«አባትሽ ለክቷል፣ የኔ ልጅ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ልጅቱ በረጅሙ ተነፈሰች። «አውቄዋለሁ። ቤት ውስጥ እንኳ የውኃ ጉድጓድ ሲጠረግ ‘ለካችሁ?’ የሚል ሰው ነው። ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረችው፤ ‘ታንክ ውስጥ መጀመሪያ የሚሞተው የቸኮለ ነው፣ ሁለተኛ የሚሞተው የወደደ ነው።’ ባሌንም ሥራውን ያስተማረው እሱ ነው፤ እንደ ልጁ ነበር የሚያየው።»

በበሩ ክፍተት ምክትሉ ይታያል። ግዙፍ ሰው ነው፤ ጥግ ይዞ፣ ክንዶቹን ከጎኑ አጣብቆ ተቀምጧል። ለቅሶ ደራሽ ሊያቅፈው ሲያጎነብስ ፊቱ ይጨማደዳል።

«እሱም ተጎድቷል» አለች ልጅቱ አይታው። «ትናንት ላቅፈው ብል ጮኸ። ብብቱ ስር ዙሪያውን በልዟል። መርዶውን ሰምቼ ስሮጥ ደረጃ ላይ ወደቅሁ አለኝ።»

መርፌ ይህን ባልሰማሁ ብላ ተመኘች። ደረጃ ሰውን ዙሪያውን አያበልዝም። ልጅቱ የአባቷን ስም መልሱልኝ እያለች ነው፤ ስሙ ሲመለስ ግን ከቤቷ ሌላ ሰው ይወጣል። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መተው አይቻልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለሚነጋበት ሰው ግን ማን አዘነ?

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም በመርከቡ ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው፤ ካፒቴኑን፣ ወኪሉን፣ ወጥ ሠሪውን፣ ምክትሉንና ሚስቱን። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ መለኪያው፣ መዝገቡና ቀበቶው ተቀምጠዋል።

«ወኪሉ ሟቹ ራሱን አጠፋ ብለዋል» ብላ ጀመረች። «ለመሞት የወረደ ሰው ባልዲና አካፋ ምን ያደርጉለታል?»

«ከዱሮ የተረሱ ይሆናሉ!» አለ ወኪሉ።

«የተረሱ ቢሆኑ ጭነቱ ውጧቸው ነበር። ዝቃጩ ላይ ተንሳፍፈው ከላይ ንጹሕ ናቸው። ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ የወደቁ ናቸው። ማን ያዛቸው? አባ ለካህ አይደለም። እሱ ታንኩ በደንቡ ይታጠብ ብሎ ነው መዝገቡን ያልፈረመው። አካፋ የሚያስፈልገው ሳያጥብ ታጥቧል ብሎ ለፈረመ ሰው ነው፤ የወደቡ ተቆጣጣሪ መርከቡን ለማሰናበት መጥቶ ወለሉን ከማየቱ በፊት ዝቃጩን ዝቆ፣ ባሕር ላይ ሲደርሱ ሊደፋው።»

ካፒቴኑ ኮፍያውን ማዞር አቆመ።

«ያ ሰው ሳይለካ ገባ። መሃል ማረፊያው ላይ ሲደርስ ራሱን ሳተ፤ ባልዲውና አካፋው ከእጁ ወደቁ። እዚያ ያለው አየር እንደ ታችኛው አልከፋም፤ ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ያቆያል። አባ ለካህ ደረሰ። ቱቦውን አውርዶ ለካ። ዘጠኝ። መለኪያው ጮኸ፣ ወጥ ሠሪው ሰማ። ከሰው ሁሉ ይልቅ ዘጠኝ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ደንቡ ጭንብል አምጣ ይላል፤ ጭንብሉ ግን የመርከቡ ሌላ ጫፍ ላይ ነው።»

ቀበቶውን አነሳች።

«ዊንቹን ይዞ የሚጎትት ሰው ነበረና፣ መለኪያውን ከአንገቱ አውልቆ ጥሎ ገመዱን ይዞ ወረደ። ማረፊያው ላይ የራሱን ቀበቶ ፈትቶ በወደቀው ሰው ደረት ዙሪያ፣ በብብቱ ስር አሰረው። የሸንበቆ ቀበቶ ነው፤ ለዚያ ደረት የደረሰው በመጨረሻው ቀዳዳ ነው። መቶ ኪሎ ሲንጠለጠልበት ቀዳዳው ተቀደደ። ሰውየው ወጣ። አባ ለካህ ትንፋሹ አለቀ፣ ታች ወደቀ።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ካፒቴን፣ እርስዎ ቀጭን ነዎት። ለእርስዎ ሦስተኛው ቀዳዳ በቂ ነው። ምክትሉ ግን ሸሚዙን ያውልቅና እንይ።»

ምክትሉ አላወለቀም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ክዳኑ ከተከፈተ ሰዓት አልፎት ነበር» አለ። «አየር ገብቶበታል ብዬ ነው። ተቆጣጣሪው እየመጣ ነበር...»

«ቸኮልክ» አለች ሚስቱ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

መርፌ ወደ ካፒቴኑ ዞረች። «መለኪያው የጮኸው አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። እርስዎ ሰው የጠሩት አምስት ሰዓት ተኩል። ሃምሳ ደቂቃ ምን ሲሠሩ ነበር?»

ካፒቴኑ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ምክትሌን ክፍሉ አስገባሁ። ገመዱን ጠቀለልኩ፣ ቀበቶውን ሰቀልኩ። ሽማግሌው... ሞቷል ብዬ ነው። ሰው ከጠራሁ ለምን ገቡ ይሉናል፣ መዝገቡም ይወጣል ብዬ። ምክትሌ ሲነቃ ዝም በል አልኩት፤ ዝም አለ።»

«ሞቷል ብለው ነው ወይስ አይተው ነው?»

«አላየሁም» አለ ካፒቴኑ።

ወጥ ሠሪው ማልቀስ ጀመረ። አሁን ሽንኩርት የለም።

ልጅቱ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ሲወርድ ምን አለ?»

«ጭንብል ላምጣ ብዬው ነበር» አለ ካፒቴኑ። «‘እስክትመጣ አይቆይልኝም’ አለኝ። ‘የልጄ ባል ነው፣ ገመዱን ያዝ።’ በቃ።»

ልጅቱ ወደ ባሏ ዞረች። «ሦስት ቀን አብረኸኝ አለቀስክ። ራሱን ገደለ ሲሉት ጎኔ ተቀምጠህ ነበር።»

«ልነግርሽ...»

«እሱ ቀበቶውን ፈትቶ አሰረልህ። አንተ አንዲት ቃል አጣህለት?»

ፖሊሶቹ ካፒቴኑንና ምክትሉን ይዘው ሲወጡ ምክትሉ በሩ ላይ ቆም ብሎ አያት፤ እሷ ቀና አላለችም። ወኪሉ ስለ መርከቡ መውጫ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና የመርፌን ዓይን ሲያይ መልሶ ዘጋው። መርከቡ አዲስ ተራ ይዞ በማግስቱ ታጠበ፤ እጣቢው እስከ መጨረሻዋ ባልዲ መቀበያ ጣቢያው ገባ።

ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲወጣ ግን ልጅቱና መርፌ እዚያው ቀሩ፤ መርፌ የሪፖርቱን ቅጽ አወጣች። «ሟቹ ከመግባቱ በፊት አየሩን ለክቷል ወይ?» ይላል። «አዎ» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «ታዲያ ለምን ገባ?» የሚል ጠባብ መስመር አለ። ብዙ አሰበች፤ ከዚያ ልጅቱ የነገረቻትን የአባቷን አባባል የመጨረሻ ግማሽ ጻፈችበት፤ «ሁለተኛ የሚሞተው የወደደ ነው።» አለቆቿ እንደማይወዱት ታውቃለች።

«ቀበቶውን ልውሰደው?» አለች ልጅቱ።

«ለፍርድ ቤት ይፈለጋል፣ የኔ ልጅ። ሲያልቅ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ።»

«እሺ። አንዴ ብቻ ልያዘው።»

ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የተቀደደውን ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያም ማሰሪያውን አዙራ፣ ሁልጊዜ እሱ ሲታጠቀው እንደምታየው፣ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ቆለፈችው።